የተማሪ ድጎማ ገደብ ይኑረው፤ ግን የሚቆጠረው የተማሩበት ጊዜ ይሁን

ሰሞኑን በቴሌግራምና በፌስቡክ እየተቀባበልነው ያለ አንድ ጽሑፍ አለ። ወላጆችም፣ መምህራንም፣ ራሳቸው ተማሪዎችም ልከውልኛል። አንዳንዱ «ልክ ነው» ብሎ፣ አንዳንዱ ተናዶ። መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚያደርገው ድጎማ የጊዜ ገደብ ይውጣለት የሚል ነው።

የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ምግብ፣ መኝታና ትምህርት ለተማሪ የሚቀርበው ለፕሮግራሙ በተመደበው ዓመት ልክ ብቻ ይሁን። ትምህርቱ የአራት ዓመት ከሆነ፣ ልጁ ግቢ ከገባበት ቀን አንስቶ አራት ዓመት ሲሞላው ካፌውም ዶርሙም ይዘጋበት። ከዚያ በላይ የሚቆይ ተማሪ የሌላውን ድርሻ ይበላል። ገደብ መኖሩ ተማሪውን ያተጋዋል። ሀብታሟ አሜሪካ እንኳ ገደብ አላት። የዘገየውን ቤተሰቡ ይርዳው፤ አለበለዚያ ሠርቶ ይማር። የድሮ ተማሪ ለምኖ ነው የተማረው፣ የዛሬው ግን ተሞላቋል። በመጨረሻም ልዩ ሁኔታ የሚባል ነገር አይፈቀድ፤ ከተፈቀደ ዘመድና ጉቦ ይገባበታል።

ጽሑፉ በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ስለ አገር ሀብት ማሰባቸውንም አከብራለሁ። እኔም ድጎማው ማለቂያ አይኑረው አልልም። ገደብ ያስፈልጋል። የማልስማማው ገደቡ በሚቆጥረው ነገር ላይ ነው። እሳቸው የሚቆጥሩት ቀን መቁጠሪያውን ነው። እኔ መቆጠር ያለበት ተማሪው ተመዝግቦ የተማረበት ሴሚስተር ነው እላለሁ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ብዙ ልጆች ዲግሪ ይዘው መውጣታቸውና ባዶ እጃቸውን መቅረታቸው ግን እዚህ ላይ ነው የሚወሰነው።

«የሌላውን ድርሻ ይበላል» ከሚለው ልጀምር።

ይህ አባባል ድጎማውን እንደ ስጦታ ያየዋል። ስጦታ አይደለም። የከፍተኛ ትምህርት የወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91/1995 ከወጣ ጀምሮ ተማሪው ውል ይፈርማል። ኮስት ሼሪንግ የምንለው ነው። የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። ዕዳው እስኪዘጋ ዋናውን ዲግሪ አያገኝም። ስለዚህ አንድ ዓመት የዘገየ ልጅ የዚያን ዓመት እንጀራም በስሙ አስመዝግቦ ነው የሚበላው። ዕዳው ይጨምራል እንጂ በነፃ አላለፈም።

አሁን ደግሞ ሂሳቡን እንየው። በ2017 ዓ.ም. የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። በዚህ ስሌት በአሥር ወር 30,000 ብር ይሆናል። አንድ ሴሚስተር ብቻ የቀረውን ልጅ ከካፌ ብናስወጣው 15,000 ብር ገደማ እናተርፋለን። ግን ሦስት ዓመት ተኩል ያበላነው፣ በዚሁ በአዲሱ ስሌት ከ100,000 ብር በላይ የሚሆነው፣ የት ሄደ? ይህ ምግቡ ብቻ ነው፤ የመምህሩ፣ የቤተ ሙከራው፣ የመብራትና የውሃው ወጪ አልተቆጠረም። ልጁ ካልተመረቀ የተመራቂ ደመወዝ አያገኝም፤ ደመወዝ ከሌለ ከምን ላይ ይቆረጣል? ለአገር ሀብት ከታሰበ ኪሳራው ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

በአንድ ነገር ግን ጸሐፊው ልክ ናቸው። አልጋ ውስን ነው። አዲስ ባች፣ ማለትም በአንድ ዓመት አብሮ የሚገባ የተማሪ ቡድን፣ ሲመጣ ዶርም ይጣበባል። አንድ ክፍል ውስጥ ከታሰበው በላይ ተማሪ ሲታጨቅ አይተናል። ለዚህ መፍትሔ መፈለግ ተገቢ ነው። ሊጨርስ የተቃረበውን ልጅ ማባረር ግን መፍትሔ ሊሆን አይችልም።

ቀጥሎ «ገደብ ሲኖር ተማሪው ይተጋል» የሚለው አለ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጽሑፉ ዋና ምሰሶ ይህ ስለሆነ።

ሐሳቡ ተማሪው የሚዘገየው ስለፈለገ ነው ብሎ ይነሳል። በአሜሪካ ኮሌጆች ተማሪ በሴሚስተር ስንት ኮርስ እንደሚይዝ በሰፊው ራሱ ይወስናል። አቅልሎ መያዝ ይችላል፣ መስኩን መቀየር ይችላል። እዚያ «ቶሎ ጨርስ» ማለት ትርጉም አለው። የእኛ ተማሪ ግን በባች ነው የሚጓዘው። የሴሚስተሩ ኮርሶች ተደልድለው ይመጡለታል። «ዘንድሮ ሁለት ኮርስ ብቻ ልያዝ፣ ቀሪውን ለከርሞ» የሚል ምርጫ የለውም። የሚዘገየው ወይ ኤፍ አግኝቶ ነው፣ ወይ ታሞ ወይም ችግር ገጥሞት አቋርጦ ነው፣ ወይ ግቢው ራሱ ተዘግቶበት ነው።

ኤፍ ያገኘውን እንውሰድ። ወንፊት አስቀድሞም አለ። ውጤቱ ዝቅ ያለ ተማሪ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፣ ካላሻሻለ ዲስሚስ ይደረጋል፣ ማለትም ይሰናበታል። ለመመረቅ አማካይ ውጤት 2.00 ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና ተጨምሯል። ይህን ሁሉ አልፎ ግቢ ውስጥ ያለ ልጅ ሰነፍ ነው ማለት ይከብዳል። ዩኒቨርሲቲው ራሱ መርምሮ «ቀጥል» ያለው ልጅ ነው።

አቋርጦ የሚመለሰው ነው ልብ የሚነካው። እኔ ጎንደር ውስጥ ከአንድ ግቢ በር አጠገብ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ እሠራለሁ። የተማሪ ወረቀት ሁሉ በእጄ ያልፋል። አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጫ) ቅጿን ኮፒ ልታስደርግ መጣች። ቅጹ ላይ የዲፓርትመንት፣ የላይብረሪ፣ የፕሮክተር (የዶርም ተቆጣጣሪ)፣ የካፌና የሬጅስትራር መፈረሚያ ቦታ ተደርድሯል። ግማሹ ተፈርሟል፣ ግማሹ ባዶ ነው። ሚል ካርዷን ለመጨረሻ ጊዜ ኮፒ አስደርጋ ልትመልሰው ነው። ከቅጹ ጋር የእናቷ የሆስፒታል ወረቀት ተያይዟል። እናቷ ከደንቢያ ገጠር መጥታ ጎንደር ተኝታለች፤ አስታማሚ ሌላ ሰው የለም። ሁለተኛው ሴሚስተር ሊያልቅ የቀረው ስድስት ሳምንት ነበር።

ያቋረጠችው ትምህርት የስድስት ሳምንት ነው። የወሰደባት ግን አንድ ዓመት ነው። ምክንያቱም የሁለተኛ ሴሚስተር ኮርስ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው። ልጅቷ የምትመለሰው ከኋላዋ ያለው ባች እዚያ ሴሚስተር ላይ ሲደርስ ነው። እናቷ በወሩ ብትድንም ቀሪውን ጊዜ ቤቷ ተቀምጣ ትጠብቃለች። በዚያ ጊዜ የመንግሥትን እንጀራ አልበላችም፣ አልጋም አልያዘችም። የጸሐፊው ገደብ ግን ይቆጥርባታል። አራተኛ ዓመቷን ስትጀምር ገደቧ አልቋል። የመመረቂያ ዓመቷን በሙሉ ያለ ካፌና ያለ ዶርም ልትማር ነው። ይህች ልጅ እንድትተጋ ገደቡ ምን ይጨምርላታል? ፈጥና ልትጨርስ የምትችልበት መንገድ የቱ ነው?

ትጋት የሚጎድላቸው የሉም አልልም። ካፌ በልቶ፣ ቀኑን ፑል ቤት አሳልፎ፣ ፈተና ሲደርስ ሃንድአውት ፍለጋ ወደ እኔ የሚሮጥ ልጅ አለ። አውቀዋለሁ። እሱን የሚይዘው ግን ውጤቱ ነው። በቀን መቁጠሪያ ገደብ እሱን ለመያዝ ስንል የምናስወጣው አስታማሚዋን ነው።

ግቢው ተዘግቶባቸው የዘገዩትን ጸሐፊው አንድ ጊዜም አላነሱም። በጣም የገረመኝ ይህ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ ተማሪ ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ተላከ። ከዚያ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ። በ2014 ዓ.ም. የወልድያና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘረፉ፣ ወደሙ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን በነበረው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፤ በ2016 ዓ.ም. የአማራ ክልል ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ለወራት ሳይጠሩ ቆዩ። መምህራኑ ሴሚስተር እያጨናነቁ ለማካካስ ብዙ ደክመዋል፤ ሊመሰገኑ ይገባል። ሁሉም ግን አልተካካሰም።

በ2012 ዓ.ም. የገባ ልጅ የአራት ዓመት ትምህርቱ በወረቀት 2015 ላይ ያልቃል። ኮቪድ የበላው ጊዜ ከማን ሂሳብ ይቀነስ? ልጁ ቤቱ እንዲቀመጥ የታዘዘው በመንግሥት ነው። ታዞ የተቀመጠበትን ወር «ተጠቅመኸዋል» ብሎ መቁጠር ፍትሕ አይደለም።

ሌላም አለ። «የፕሮግራሙ ዓመት» የሚባለው ራሱ በልጆቹ ላይ ሲለዋወጥ ነው የቆየው። በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን የሚባለው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ሲመለስ የሦስት ዓመቱ ዲግሪ አራት ሆነ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ሪሚዲያል፣ ማለትም ማለፊያ ላላመጡት የሚሰጥ የማካካሻ ትምህርት፣ መጣ። እንግዲህ በሪሚዲያል የገባ ልጅ «ግቢ ከገባበት ቀን» ሲባል ከየት ይቆጠርለት? በጽሑፉ አነጋገር ሪሚዲያል ያሳለፈው ጊዜ ከአራቱ ዓመት ላይ ይቀነስበታል። ፍሬሽማን ሲጀምር ገደቡ ተሸራርፏል ማለት ነው። ጸሐፊው ይህን ፈልገው አይመስለኝም። ግን የጻፉት ወደዚያ ይወስዳል።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሂድ። ጽሑፉ በብዛት የተጋራው ለዚህ አንቀጽ ይመስለኛል፤ «አሜሪካ እንኳ» ሲባል ክርክሩ ያለቀ ይመስላል።

አሜሪካ ገደብ እንዳላት እውነት ነው። አነስተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ልጆች የሚሰጠው የፌዴራል ድጋፍ ፔል ግራንት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1972 ተጀምሮ በኋላ በሴናተር ክሌቦርን ፔል ስም የተሰየመ ነው። ከፍተኛው መጠን እ.ኤ.አ. በ2024 እና 2025 የትምህርት ዘመን 7,395 ዶላር ነበር። እንደ እኛ ኮስት ሼሪንግ ዕዳ ሆኖ የሚመለስም አይደለም። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2012 ጀምሮ አንድ ተማሪ በዕድሜ ልኩ ይህን ድጋፍ የሚያገኘው ቢበዛ ለ12 ሴሚስተር ነው። ቀደም ሲል 18 ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስላ። የእነሱ የመጀመሪያ ዲግሪ በመደበኛው 8 ሴሚስተር ነው። ድጋፉ 12 ነው። ስለዚህ አሜሪካ የአራት ዓመት ተማሪን የምትደግፈው የስድስት ዓመት ያህል ነው። ጸሐፊው «ልክ እንደ አሜሪካ» ብለው ያቀረቡት አራት ዓመት ከዚያ በሁለት ዓመት ያጥራል።

አቆጣጠሩ ደግሞ ከዚህም ይለያል። አሜሪካኖቹ ቀን መቁጠሪያ አይቆጥሩም። ሙሉ ኮርስ ይዞ የአንድ ዓመት ሙሉ ድጋፍ የወሰደ ልጅ 100 በመቶ ተጠቀመ ይባላል፤ ጣሪያው 600 በመቶ ነው። ግማሽ ጭነት ይዞ በዚያው ልክ የወሰደ 50 በመቶ ብቻ ይመዘገብበታል። እናቱን ሊያስታምም አንድ ዓመት ያቋረጠ ምንም አይመዘገብበትም፤ ቆጣሪው ቆሞ ይጠብቀዋል። ኮሌጁ ተዘግቶበት ትምህርቱን መጨረስ ያልቻለ ተማሪ ደግሞ የተቆጠረበት የሚመለስለት አሠራር አለ። ከዚህ ጎን ለጎን ትምህርቱን ከፕሮግራሙ ርዝመት 150 በመቶ ሳያልፍ እንዲጨርስ ይጠበቅበታል። የትምህርት ውጤቱና ፍጥነቱ ከሚፈለገው በታች ሆኖ ድጋፉ ቢቋረጥበት፣ ምክንያቱ ሕመም ወይም የቅርብ ዘመድ ሞት ከሆነ ኮሌጁ ይግባኙን ሰምቶ ሊመልስለት ይችላል።

የእኔ ሐሳብ ወደዚህ ነው የሚጠጋው። የደንቢያዋ ልጅ አሜሪካ ብትሆን ኖሮ የመጨረሻ ዓመቷን ተደግፋ ትጨርስ ነበር።

ከአሜሪካ የምንማረው ሌላ ነገርም አለ፤ ማድረግ የሌለብንን። ያ የ12 ሴሚስተር ገደብ የወጣው ለአዲስ ገቢዎች ብቻ አልነበረም። በመማር ላይ የነበሩትንም ያዘ። 18 ሴሚስተር ይኖረኛል ብሎ ሲማር የነበረ ሰው ድንገት ገደቡን አልፈሃል ተባለ። እኛ ጋ ገደብ የሚወጣ ከሆነ ከአዲስ ባች ይጀምር። ጂሲ (የዓመቱ ተመራቂ) የሆነን ልጅ ትናንት ባልነበረ ሕግ ዛሬ መያዝ አይገባም።

የጀርመኑ ባፈግ የሚባለው ድጋፍም በመደበኛው የትምህርት ዘመን የተገደበ ነው፤ ሆኖም ለእርግዝና፣ ልጅ ለማሳደግ፣ ለአካል ጉዳትና ለሌላ ከባድ ምክንያት ይራዘማል። ሩቅ ሳንሄድ ደቡብ አፍሪካ አለች። የመንግሥት የተማሪዎች ድጋፏ በፕሮግራሙ ዓመት ላይ አንድ ዓመት ይጨምራል፤ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪ ሁለት። ከእኛ ብትበለጽግም አፍሪካዊት አገር ናት፤ ከአሜሪካ ይልቅ ምሳሌ መሆን የነበረባት እሷ ናት።

አካል ጉዳተኞችን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በመሆን በተለይ አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን የሚያስተምር የስኮላርሺፕ ፕሮግራም አለው። ከተማችን በዚህ ልትኮራ ይገባል። ያ ፕሮግራም የማይደርስላቸው ግን ብዙ ናቸው። ማየት የተሳነው ልጅ ሃንድአውቱን በድምፅ የሚያነብለት ሰው እስኪያገኝ ድረስ ጓደኞቹ ለፈተና ጨርሰው ተዘጋጅተዋል። እሱንና ዓይናማውን በአንድ ሰዓት ማሯሯጥ እኩልነት አይደለም። በጽሑፉ ውስጥ ስለ እነዚህ ልጆች አንድ ቃል የለም።

«ቤተሰቡ ይርዳው፣ ወይም ሠርቶ ይማር» የሚለውን ቶሎ ልለፈው። ልጁን ለጎንደር ግቢ የመደበው መንግሥት ነው፤ ቤተሰቡ ሐረርጌ ወይም ወላይታ ሊሆን ይችላል። የበለሳ ወይም የጃናሞራ ገበሬ ደግሞ ድርቅ በመታው ዓመት የልጁን የቤት ኪራይ ከየት ያመጣል? ባንክም ለእሱ ያለ ማስያዣ በቀላሉ አያበድርም። ሥራስ? የቀን ሥራ የሚገኘው በቀን ነው፤ ክፍሉም በቀን ነው። ማታ ማታ የሚያስጠኑና ልብስ የሚሰፉ ጎበዝ ልጆች አሉ፣ አደንቃቸዋለሁ። የሚያገኙት ግን ለሳሙናና ለካርድ ነው እንጂ ኪራይ ከፍሎ በልቶ ለመኖር አይበቃም። ሴት ተማሪዎችን ስናስብ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ከዶርም ወጥታ በከተማው ርካሽ ክፍል የምትፈልግ ልጅ ላይ ምን ዓይነት ሰው እንደሚያንዣብብ የግቢ ሰፈር ነዋሪ ሁሉ ያውቃል። ጸሐፊው ሴት ልጅ ካላቸው ይህን አንቀጽ መልሰው እንዲያዩት እለምናቸዋለሁ።

አሁን «የድሮ ተማሪ ለምኖ ነው የተማረው» ወደሚለው ልምጣ። ይህን ለጎንደር ሰው መንገር ከባድ ነው።

የቆሎ ተማሪን እናውቀዋለን። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በየደጁ ሲቆም አይተናል። ጎንደር አቋቋም የሚባለው የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ ትምህርት ቤት ናት፤ በበኣታ ቤተ ክርስቲያን ምስክር የሚሰጠው ከየአገሩ ለሚመጣ ተማሪ ነው። እነዚህ ተማሪዎች መከራ አይተው መማራቸው እውነት ነው፤ ጸሐፊው እዚህ ላይ አልተሳሳቱም። ግን የዚያን ሥርዓት ግማሹን ብቻ ነው የነገሩን። ደጇ ላይ የቆመላትን ተማሪ «ስንት ዓመትህ ነው? መቼ ትጨርሳለህ?» ብላ የጠየቀች እናት አለች? የለችም። ዜማው፣ ቅኔው፣ አቋቋሙ፣ መጻሕፍቱ፣ እያንዳንዱ ዓመታት ይፈጃል። ቤተሰቡ ጠርቶት ለእርሻ ሄዶ፣ ታሞ ተኝቶ ይመለሳል። የኔታ የሚጠይቁት «የት ደረስክ?» ብለው ነው። የማይማረውን ያሰናብታሉ። የሚማረው እስኪጨርስ ከተማው ያበላዋል።

ያ ምጽዋት ነው፣ ይህ በጀት ነው ቢሉኝ እቀበላለሁ። በጀት ጣሪያ ይፈልጋል፤ ምጽዋት አይፈልግም። ነገር ግን የድሮውን ተማሪ ማስረጃ አድርገው ያመጡት እሳቸው ናቸው። ማስረጃው የሚመሰክረው ደግሞ ለተቃራኒው ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ከተከፈተ ወዲህም ተማሪ ስታኖር ኖራለች። ለጎንደር ተማሪ ማቆየት እንግዳ ነገር አይደለም።

ዛሬ ያለው ተማሪ «ተሞላቋል» መባሉም ይከብደኛል። ሽሮው ውሃ ውሃ ሲል፣ ዳቦው ሲያንስ፣ በመብራት ጥፋት በስልክ መብራት ሲያጠና የሚያድረው ያው ልጅ ነው። ነን ካፌ ሆነው፣ ማለትም በካፌ ምግብ ፋንታ ገንዘብ የሚወስዱ ሆነው፣ በወር የሚሰጣቸውን ሦስትና አራት ሆነው አዋጥተው የሚያበስሉ አሉ። ይህ መሞላቀቅ አይደለም።

የመጨረሻው ነጥብ የልዩ ሁኔታ ጉዳይ ነው። «ልዩ ሁኔታ ከተፈቀደ ዘመድና ጉቦ ይገባበታል፤ ስለዚህ ጭራሽ አይኑር።» ይህ የጽሑፉ ጠንካራ ክፍል ነው። ስጋቱ የእኔም ስጋት ነው። በሥራዬ ላይ አጠራጣሪ የሕክምና ወረቀት አይቻለሁ። ቀኑ ተፍቆ የተጻፈበት፣ ማኅተሙ የማይነበብ። አንድ ልጅ ማኅተም በስካነር አስተካክልልኝ ብሎኝ አባርሬዋለሁ። ስለዚህ ችግሩ የለም ብዬ አልከራከርም።

ግን አስተውሉ። ልዩ ሁኔታ የሚበዛው ሕጉ ሲጠብ ነው። በቀን መቁጠሪያ የሚቆጥር ገደብ ከወጣ ኮቪድ ልዩ ሁኔታ ይሆናል፣ ጦርነት ልዩ ሁኔታ ይሆናል፣ ወሊድ ልዩ ሁኔታ ይሆናል፣ ሪሚዲያል ልዩ ሁኔታ ይሆናል። ግማሹ ተማሪ ማመልከቻ ይዞ ቢሮ ደጃፍ ይሰለፋል። ጉቦ የሚወለደው እዚያ ሰልፍ ላይ ነው። በሴሚስተር ከቆጠርን ግን አብዛኛው ማመልከቻ አያስፈልግም። ልጁ ስንት ሴሚስተር ተመዝግቦ እንደተማረ ሬጅስትራሩ ኮምፒውተር ላይ አለ። አቋርጦ ከነበረ ራሱ አይቆጠርም፤ ማንንም መለመን የለበትም። ለጠባቂና ለቢሮ ሠራተኛ የሚሰጠው ነገርም አይኖርም። ጸሐፊው ሙስናን ከፈሩ ሊመርጡት የሚገባው ይህን አቆጣጠር ነው።

ከዚያ የሚቀረው ጥቂት ነው። በመደበኛው ሴሚስተር ላይ ለሁሉም ሁለት ሴሚስተር ይጨመር፤ አንድ ኮርስ የወደቀ ልጅ ኮርሱ እስኪመለስ የሚጠብቀው አንድ ዓመት ስለሆነ ከዚያ ማነስ የለበትም። ለአካል ጉዳተኛ አራት ይሁን። ግቢው የተዘጋበት ጊዜ ለባቹ በሙሉ በአንድ ውሳኔ ይቀነስ፤ እያንዳንዱ ልጅ ለየብቻ አይጠየቅ። ሪሚዲያል ለብቻው ይቆጠር። ከዚህ ያለፈ ጉዳይ ያለው በኮሚቴ ይታይ። ኮሚቴው ውስጥ የተማሪዎች ኅብረት ተወካይ ይኑር፣ ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጥ፣ መልሱም ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ይድረስ። ምዝገባ ካለፈ በኋላ የሚመጣ «ተፈቅዶልሃል» ልጁን ሌላ ዓመት ያስጠብቀዋል።

የሕክምና ወረቀቱን ነገርም ማጣራት ይቻላል። የታከመበት ሆስፒታል የካርድ ቁጥር አለው፤ ዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ጽፎ ይጠይቅ። ሐሰተኛ ይዞ የተገኘ ይቀጣ። አንዱ ማኅተም አጭበርብሯል ተብሎ እናቷን ያስታመመችው ልጅ ካፌ መዘጋት የለበትም።

ጸሐፊው ጽሑፋቸው ውስጥ «ግቢ ከገባበት ቀን አንስቶ» የሚለውን አውጥተው «ተመዝግቦ በተማረበት ሴሚስተር» ቢሉት፣ ላይም ሁለት ሴሚስተር ቢጨምሩበት፣ አብዛኛው ልዩነታችን ይጠባል። እንደገና ጽፈው ካወጡት እኔም ከሚያጋሩት አንዱ እሆናለሁ።